ስካይዳይቪንግ፦ በስልክ የተማርነው የመሬት ኮርሱን ያሳጥርልናል?

ኪቶ_ላይ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጅማ ነኝ። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ኬንያ፣ ዲያኒ ሄደን ኤኤፍኤፍ (ከአስተማሪ ጋር ከአውሮፕላን እየዘለሉ የሚማሩበትን የጃንጥላ ዝላይ ኮርስ) ለመጀመር ገንዘብ እያጠራቀምን ነው። እዚህ የዝላይ ትምህርት ቤት ስለሌለ እስከዚያው መምህራችን ስልክ ሆኗል። ያላየነው ቪዲዮ የለም፣ የውጭ ዘላዮች ግሩፖች ውስጥም ገብተናል። የጃንጥላ ብልሽቶችን በስም በስማቸው እንቆጥራለን፣ የአስተማሪ የእጅ ምልክቶችንም ሸምድደናል። የቸገረን ይኸውላችሁ፦

ይህን ያህል ካወቅን የመጀመሪያውን ቀን የመሬት ኮርስ ማሳጠር ይቻላል? ፓይለት ሹቱ (ዋናውን ስቦ የሚያወጣው ትንሽ ጃንጥላ) ወጥቶ ዋናው ጃንጥላ ግን ከኮንቴይነሩ (በጀርባ ከሚታዘለው ቦርሳ) ሳይወጣ ቢቀር አንዱ ግሩፕ «መጀመሪያ ዋናውን ቁረጪ» (ማለትም ከሰውነትሽ አላቂው)፣ ሌላው «በቀጥታ ተጠባባቂውን ጃንጥላ ሳቢ» ይላል፤ ማንን እንመን? ጅማ ተቀምጠን በእጃችን ልንለማመደው የምንችለውስ ምን አለ? የጓደኛዬ አጎት የቀድሞ አየር ወለድ ናቸው፣ አወዳደቅ ላሳያችሁ ብለውናል። ለስሌት ካስፈለገ ክብደቴ 58 ኪሎ ነው።

ሪገሩ፦

ኮርሱ አያጥርም እህቴ። የመጀመሪያ ዝላይ ኮርስ እንደ ትምህርት ቤቱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚደመጠው ትንሹ ክፍል ነው። ቀሪው ከጣሪያ በወረደ ሃርነስ (ሰውነትን የሚይዝ ማሰሪያ) ላይ ተንጠልጥለሽ፣ አስተማሪው የተበላሸ ጃንጥላ ፎቶ ሲያሳይሽ አይተሽ፣ ወስነሽ፣ እጀታ መሳብ ነው። እጅሽ ሳያቅማማ ትክክለኛውን እስኪይዝ ይደጋገማል። ቪዲዮ ያሳይሻል እንጂ አያይሽም።

ለምን ይህን ያህል እንደሚደጋገም በቁጥር እንየው። በሆዱ ወደ ታች ሆኖ የሚወርድ ሰው በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ 1,000 ጫማ ለመጨረስ 5 ሴኮንድ ተኩል ይበቃዋል። ተማሪ ብዙ ጊዜ 5,500 ጫማ ላይ ይስባል። «ይህ ጃንጥላ ያሳርፈኛል ወይስ ልቁረጠው?» የሚለው ውሳኔ ደግሞ 2,500 ጫማ ላይ ማለቅ አለበት። ምንም ካልተከፈተ በሁለቱ መካከል ያለሽ 16 ሴኮንድ ገደማ ነው። ተጠባባቂውን በራሱ የሚከፍተው ኤኤዲ በዚህ ፍጥነት የሚሠራው 750 ጫማ አካባቢ ስለሆነ ከ2,500 እስከዚያ 10 ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። የብልሽት ስም ለማስታወስ የሚሆን ጊዜ አይደለም። ለዚህ ነው ተማሪ ስም የማይጠየቀው። ሦስት ነገር ብቻ ያያል፦ ጃንጥላው ከላይ አለ? ቅርጹ አራት ማዕዘን ነው? ሲያዞሩት ይዞራል፣ ብሬክ ሲስቡት ይታዘዛል? ሦስቱም «አዎ» ካልሆኑ ይቆረጣል። የመስመር (የጃንጥላው ገመድ) መጠማዘዝ ወይም ያልወረደ ስላይደር (መከፈቱን ለማዘግየት በመስመሮቹ ላይ የሚንሸራተት ጨርቅ) ከፍታ እስካለ ድረስ ለማስተካከል ይሞከራል፤ 2,500 ሲደርስ ግን ሙከራው ያበቃል።

ፓይለት ሹቱን በተመለከተ ሁለቱም ግሩፖች ትክክል ናቸው፣ ክርክሩም ያረጀ ነው። በቀጥታ ተጠባባቂውን መሳብ ከፍታ ይቆጥባል፤ ጉዳቱ ተጠባባቂው ሲወጣ ኮንቴይነሩ ላላ ስለሚል ዋናው ዘግይቶ ተከትሎት ሊወጣና ሁለቱ ሊጠላለፉ መቻላቸው ነው። መጀመሪያ መቁረጥ ዋናው ቢወጣም ተለይቶ እንዲሄድ ያደርጋል፤ ጉዳቱ ደግሞ ከፍታሽ እያለቀ አንድ ተጨማሪ እንቅስቃሴ መጠየቁ ነው። የአሜሪካው የዘላዮች ማኅበር የዩኤስፒኤ መመሪያም ሁለቱንም ያስቀምጣል፤ የቱን እንደምትከተዪ ከመሣፈርሽ በፊት ከአስተማሪሽ ጋር ትወስኛለሽ። ትምህርት ቤቱ አንዱን ከሰጠሽ ያ ያንቺ ነው፣ ሌላውን እርሺው። ፓይለት ሹቱ ጭራሽ ከኪሱ ካልወጣ ግን የሚያከራክር የለም፤ ሁለት ጊዜ ሞክረሽ ካልተሳካ በቀጥታ ተጠባባቂውን።

ግሩፖቹ የማይነግሩሽ ሌላ ነገር አለ። እዚያ የሚጽፈው ሰው በራሱ ዕቃ ነው የሚያስበው። አብዛኛው ዕቃ ሁለት እጀታ አለው፦ በቀኝ መቁረጫው፣ በግራ የተጠባባቂው። አንዳንድ የተማሪ ዕቃ ግን ኤስኦኤስ የሚባል አንድ እጀታ ብቻ አለው፤ እሱ ሲሳብ ዋናውን ይቆርጣል፣ ተጠባባቂውንም ይከፍታል። በሁለት እጀታ ቅደም ተከተል የሰለጠነ እጅ በዚህ ዕቃ ላይ የሌለ ነገር ሲፈልግ ሴኮንድ ያባክናል። የዋናው መክፈቻም እንዲሁ፦ በአንዳንዱ ከኮንቴይነሩ ሥር ያለች ኳስ (የፓይለት ሹቱን እጀታ) ስባችሁ ትወረውራላችሁ፣ በሌላው በወገብ በኩል ያለ የብረት እጀታ ይሳባል።

ከስልክ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። የዩኤስፒኤ መመሪያ ሙሉው በነፃ ይገኛል፤ ስለ ከፍታ ገደብ፣ ስለ ንፋስና ስለ ማረፊያ ዑደት ያለውን ክፍል አንብባችሁ ሂዱ። የዕቃዎቹን ስም እወቁ፦ ራይዘር (መስመሮቹን ከሃርነሱ የሚያያይዘው ማሰሪያ)፣ ስላይደር፣ ቶግል (የመሪና የብሬክ እጀታ)፣ ብራይድል (ፓይለት ሹቱን ከዋናው የሚያያይዘው ጥብጣብ)፣ ባለ ሦስት ቀለበት መልቀቂያ (ዋናውን የሚያላቅቀው)። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሬዲዮ ቃላቱን። ከጃንጥላው ሥር ብቻችሁን ስትሆኑ ከመሬት በሬዲዮ የሚመራችሁ ሰው በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው። «ሌፍት»፣ «ራይት»፣ «ፍሌር» (ከማረፍ በፊት ሁለቱንም ቶግል ስቦ ፍጥነት መቀነስ) ሲባል በአማርኛ ተርጉማችሁ የምትታዘዙ ከሆነ ዘግይታችኋል። ሬዲዮው ቢጠፋስ? ዑደቱን ራሳችሁ ማወቅ አለባችሁ፦ 1,000 ጫማ ላይ ከንፋሱ ጋር፣ 600 ላይ በጎን፣ 300 ላይ ፊታችሁን ወደ ንፋሱ። ይሄን ወረቀት ላይ እየሣሉ ማጥናት ይቻላል፣ አስተማሪ አይጠይቅም።

ቦሳ_አዲስ፦

ስለ አጎት ልጨምር። የቀድሞ አየር ወለድ አወዳደቅ ላሳያችሁ ካሉ እግራቸው ሥር ተቀመጡ፤ ከዩቲዩብ የሚበልጥ ነገር ነው። እግርና እግር፣ ጉልበትና ጉልበት ተጣብቆ፣ ጉልበት በትንሹ ታጥፎ፣ አገጭ ወደ ደረት፣ ክርን ከጎን። መሬት ሲነካ በቅደም ተከተል የእግር መዳፍ ፊት፣ የባት ጎን፣ የጭን ጎን፣ መቀመጫ፣ ከዚያ የጀርባ ጎን ነው የሚያርፈው። ሰው የሚሰበረው በሦስት ነገር ነው። እግር ተለያይቶ አንዱ ቁርጭምጭሚት ሙሉውን ክብደት ሲቀበል፤ እጅ ወደ ኋላ ለድጋፍ ሲዘረጋ፣ ያኔ አንጓ ወይም ትከሻ ይሄዳል፤ ዓይን ቁልቁል እግር ሥር ሲያይ፣ ያኔ እግር ሳያስቡት መሬቱን ፍለጋ ይዘረጋል። ዓይን አድማስ ላይ። ከ60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በላይ አትሞክሩ፤ ፍራሽ ወይም ልል አሸዋ ላይ ይሁን፣ በግራም በቀኝም።

ግን አጎትን ስለ ሌላው አትጠይቁ፣ ከጠየቃችሁም ለይታችሁ ስሙ። የወታደር ክቡ ጃንጥላ አውሮፕላኑ ላይ በታሰረ ገመድ በራሱ ይከፈታል፤ ተጠባባቂው ደረት ላይ ነው፣ ዋናው ቢበላሽ ሳይቆረጥ ይሳባል። በአራት ማዕዘኑ ላይ ብልሽት ያለበትን ዋና ጃንጥላ ሳትቆርጡ ተጠባባቂ ከለቀቃችሁ ሁለቱ ይተበተባሉ። ክቡ ጃንጥላ ፍሌር የሚባል ነገርም የለውም፤ ከነፍጥነቱ ይመጣል፣ ለዚህ ነው እሳቸው መንከባለሉን አሳምረው የሚችሉት።

ፍሌሩን ደግሞ ማንም ከስልክ ሊማር አይችልም፣ ሞክሩ ብዬም አልመክርም። ሁለቱን ቶግል ከ10 እስከ 12 ጫማ ከፍታ ላይ እኩል ወደ ታች መሳብ ነው፤ በቃል ይኸው ነው። ዓይን ግን ያን ከፍታ የሚለየው በመደጋገም ብቻ ነው። ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ከፍ ብሎ ይስባል። ያኔ ደንግጦ ቶግሉን ወደ ላይ መልሶ መልቀቅ ነው ትልቁ ስሕተት፤ ጃንጥላው ወደ ፊት ይወረወርና መሬት ላይ ይጥላል። ከፍ ብላችሁ ከሳባችሁ ባለበት ይዛችሁ፣ እግር አጣብቃችሁ፣ የአጎትን አወዳደቅ ውደቁ። መሰናክል ብታዩም መሬት አጠገብ ጃንጥላውን በኃይል አታዙሩ። ክንፉ ሳያጋድል አጥር መንካት አጋድሎ ሜዳ ከመምታት ይሻላል።

ጂረን_ተራራ፦

ከላይ ያላችሁት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን «አስተማሪ ሳታዩ አትንኩ» ወደሚል እያደላ ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው አርቹ ላይ (በነፃ ውድቀት ዳሌን ወደ ፊት ገፍቶ ሰውነትን እንደ ቀስት ማጠፍ) ስለሆነ ቤት ውስጥ መጀመር ይቻላል። በሆድ ተኝቶ ዳሌ መሬቱን እየተጫነ ደረትና ጉልበት ይነሳል፣ ክንዶች በትከሻ ልክ ተከፍተው ክርን 90 ዲግሪ፣ ጉልበት 45 ዲግሪ ገደማ። 30 ሴኮንድ መያዝ፣ ማረፍ፣ መድገም። እጀታውንም በትምህርት ቤት ቦርሳ ማሰሪያ ላይ በቀኝ ቀይ፣ በግራ ነጭ ጨርቅ አስራችሁ «እይ፣ ያዝ፣ ሳብ» እያላችሁ ተለማመዱ። ጓደኛሽ ከጎን በስልክ ትቅረጽሽ፤ ራስን ማየት ግማሽ አስተማሪ ነው።

ሪገሩ፦

በአርቹ እስማማለሁ፣ ከነማስጠንቀቂያው። ሰው ብቻውን ሲሠራ አንገቱን ቀና ያደርግና ዳሌውን ከፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ለራሱ የታጠፈ ይመስለዋል፣ አየር ላይ ግን ወገቡ እንደ ወንበር ስለሚሆን ይንገዳገዳል ወይም ይገለበጣል። ሌላው እግርን ከመጠን በላይ ወደ መቀመጫ ማጠፍ ነው፤ ሰውየው ሳይታወቀው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አንዱ እግር ከሌላው ካጠረ ይሽከረከራል። ከጎን መቅረጽ የመጀመሪያውን ያሳያል፣ የመጨረሻውን ለማየት ከእግር በኩል ቅረጹ።

የአስተማሪ ምልክቶችንም ልብ በሉ። ሁለት ጣት ተዘርግቶ ሲታይ «እግርሽን ዘርጊ» ነው፣ አንድ ጣት «ሳቢ» ነው። ሁለቱ በሚያስደነግጥ ሰዓት ይምታታሉ። የትምህርት ቤታችሁ ምልክት ከቪዲዮው ሊለይም ይችላል።

በጨርቁ ግን አልስማማም፣ ወንድሜ። የቱ ዕቃ እንደሚጠብቃት ሳታውቅ መቶ ጊዜ የሠራችውን ለማስረሳት አስተማሪው ከባዶ ከመጀመር በላይ ይለፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለትምህርት ቤቱ አስቀድመሽ ኢሜይል ጻፊና ሦስት ነገር ጠይቂ። ተጠባባቂው በአንድ እጀታ ነው በሁለት? ዋናው በሚወረወር ኳስ ነው ወይስ በወገብ እጀታ? አልቲሜትሩ (የከፍታ መለኪያው) በጫማ ነው በሜትር? ፎቶ ላኩልኝ በያቸው። ያን ካገኘሽ ጨርቁን እሰሪው።

ሦስተኛውን ጥያቄ አትናቂው። ሜትር የለመደ ዓይን 1.5 ሲያይ ለመሳብ ጥሩ ከፍታ ነው፤ 1,500 ሜትር 4,900 ጫማ ያህል ነው። በጫማ በሚቆጥር አልቲሜትር ላይ ያው 1.5 ማለት 1,500 ጫማ፣ 457 ሜትር ነው። የመቁረጫው ውሳኔ ካለፈ ቆይቷል።

አጂፕ_ማዞሪያ፦

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፣ በተለይ ለእኛ ለደጋ ሰዎች። ቪዲዮው ላይ የምታዩት ሁሉ ማለት ይቻላል ከባሕር ወለል ብዙም ያልራቀ ሜዳ ላይ የተቀረጸ ነው። ዲያኒም ባሕር ዳር ስለሆነ ቁጥሩ እዚያ ይሠራል። ያንኑ ቁጥር ይዞ «አንድ ቀን ጅማ ላይ እንዘላለን» ማለት ግን ሌላ ሒሳብ ነው።

ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ወደ 5,600 ጫማ። በ28 ዲግሪ ከሰዓት በኋላ አየሩ 2,600 ሜትር ላይ እንዳለ ያህል ይሳሳል። በዚያ አየር ያው ጃንጥላ ከባሕር ወለል በ14 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይበራል፣ ወደ ታችም ፈጥኖ ይወርዳል። ስለዚህ ከፍ ያለ ሜዳ ላይ ሰፋ ያለ ጃንጥላ ይመረጣል፤ ጠዋት በብርዱ መዝለልም ከከሰዓቱ ይሻላል።

መውጫውም (ከአውሮፕላን የሚዘለልበት ከፍታ) ያጥራል። በዩኤስፒኤ ደንብ ከባሕር ወለል ከ15,000 ጫማ በላይ ለሚዘል ሰው ተጨማሪ ኦክስጅን ግዴታ ነው። ከጅማ መሬት ሲታይ ያ 9,400 ጫማ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከ13,000 ወጥቶ 5,500 ላይ የሚስብ ተማሪ 45 ሴኮንድ ያህል ነፃ ውድቀት ያገኛል፤ እዚህ 25 ገደማ፣ አየሩ ስለሚሳሳም ከዚያ ትንሽ ያነሰ። የኤኤፍኤፍ ልምምድ በዚያ ውስጥ አይበቃም።

ኤኤዲውና አልቲሜትሩ ዜሮ የሚያደርጉት የተበሩበትን መሬት ነው። ወደ ጊቤ በረሃ ብትወርዱ ድልድዩ አካባቢ 1,100 ሜትር ገደማ ነው፣ ከጅማ በ600 ሜትር ዝቅ ያለ። ኤኤዲውን ጅማ አብርቶ እዚያ የሚዘል ሰው መሣሪያው 750 ሳይሆን 2,700 ጫማ ላይ ሊተኩስበት ይችላል፤ ዘግይቶ ከሳበ ሁለት ጃንጥላ በአንድ ጊዜ ይወጣበታል። ተገላቢጦሹ ደግሞ የባሰ ነው። እዚያ ተበርቶ ጅማ ላይ ቢዘለል የሚተኩስበት ከፍታ ከጅማ መሬት በታች ስለሚሆን ጭራሽ አይሠራም። ቦታ ሲቀየር አጥፍቶ እንደገና ማብራት ነው።

ፈቃዱም እንዳይረሳ። በዓለም አቀፉ የበረራ ደንብ ከአደጋ ጊዜ በስተቀር በጃንጥላ መውረድ የሚቻለው የአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ባስቀመጠው ሁኔታ ብቻ ነው። አውሮፕላን ያለው ወዳጅ ማግኘት አይበቃም።

ኪቶ_ላይ፦

አላህ ይስጥልን፣ ሁላችሁንም። ኢሜይሉን ዛሬ እንጽፋለን፣ አጎትም ቅዳሜ ቀጥረውናል። አንድ የመጨረሻ ነገር። ከግሩፑ አንድ ሰው ሙሉ ያገለገለ ዕቃ በቅናሽ እሸጣለሁ ይላል፣ «ለ58 ኪሎ 150 ይበቃሻል» ብሎኛል (የጃንጥላው ስፋት በስኩዌር ጫማ ነው)። እንግዛ?

ሪገሩ፦

አትግዢ። መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። 58 ኪሎ ላይ ዕቃው 13 ኪሎ ያህል ሲጨመር 71 ኪሎ፣ በ2.2 ሲባዛ 156 ፓውንድ። ይህ ለጃንጥላው ስፋት በስኩዌር ጫማ ይካፈላል። በ220 ጃንጥላ 0.71 ይሆናል፣ የተማሪ ቁጥር ነው። በ150 ግን 1.04 ነው፤ ፈጣን ነው፣ ለጀማሪ አይሰጥም። ሰውየው የሚነግርሽ ለእሱ የሚመቸውን ነው።

ቀላል ሰው ሆኖ ትልቅ ጃንጥላ የመያዝም የራሱ ችግር አለው፤ በንፋስ ወደ ፊት መሄድ ያቅተዋል። በዩኤስፒኤ ደንብ ለተማሪ የንፋስ ገደቡ በሰዓት 14 ማይል፣ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስተማሪው «ዛሬ አንቺ አትዘዪም፣ ጓደኛሽ ትዘላለች» ቢልሽ አትቀየሚ፤ ክብደታችሁን አይቶ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ሲታይ አራት ነገር ለየብቻ ይመረመራል፦ ኮንቴይነሩ ከነሃርነሱ፣ ዋናው፣ ተጠባባቂው፣ ኤኤዲው። ሃርነሱ በሰው ልክ የሚሰፋ ነው፤ ሰፊ ከሆነ ጃንጥላው ሲከፈት ወደ ላይ ይሸሽና እጀታዎቹ ካሰለጠንሽው ቦታ ይርቃሉ። ያረጀ ኤፍ-111 የሚባለው የጃንጥላ ጨርቅ አየር ያሳልፋል፣ ፍሌሩ ይሞታል። መስመሮቹ በአጠቃቀም ብዛት እኩል ባልሆነ ልክ ይሸመቀቃሉ፣ ጃንጥላው በራሱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ኤኤዲ የተመረተበት ቀን ተጽፎበታል፣ ዕድሜም አለው። ተጠባባቂውን ፈትሾ የሚያጥፍ ፈቃድ ያለው ሰው ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ ደንብ በየ180 ቀኑ። ጅማ ውስጥ ያንን ማን ይሠራልሻል? ፎቶ አይቶ ይህን ሁሉ የሚለይ ሰው የለም፣ እኔም አልለይም።

በአሜሪካው መንገድ ኤ ላይሰንስ (የመጀመሪያው የዘላይ ፈቃድ) 25 ዝላይ ይጠይቃል፤ በእንግሊዙ 8 የኤኤፍኤፍ ደረጃና 10 ተጨማሪ፣ በድምሩ 18። እስከዚያ ድረስ ዕቃው የትምህርት ቤቱ ነው፣ ሲበላሽም ሲፈተሽም ጣጣው የእነሱ። አሁን ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ የጫማ ክር መንጠቆ የሌለው ጫማ ግዙ። መንጠቆ የጃንጥላ መስመር ይይዛል።